የሐረጎ ዳገት፣ የራዲያተር ክዳን እና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በወጣሁ ቁጥር ሐረጎ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና አላጣም። አንዳንዴ ሚኒባስ፣ አንዳንዴ አይሱዙ፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደኔዋ ያረጀች ኮሮላ ናት። ሹፌሩ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ውሃ ይፈልጋል። ተሳፋሪው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል።

እኔም አንድ ቅዳሜ እዚያው ቆሜያለሁ። ነገሩ ከሦስት ሳምንት በፊት በአንዲት ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) የሚያልቅ ነበር። የማኒኮቶው፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ፣ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ጠብታ አይቼ "በኋላ አሠራዋለሁ" አልኩ። ያቺ ጠብታ ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይኛው ክፍል፣ አስፈታችኝ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ጋስኬት የምትሉትም አላችሁ፣ ከመሬት ተነስቶ የሚቃጠለው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ ቀስ እያለ የሚያልቅ ውሃ ነው። ከታች ያሉትን ስህተቶች ግማሾቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ግማሾቹን በቅርብ ሰው ላይ አይቻለሁ።

በየጠዋቱ እየሞሉ መንዳት

የሞተር ውሃ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ዝግ በሆነ መስመር የሚዞር ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር የምትጨምሩ ከሆነ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። "ይቺ መኪና ውሃ ትወዳለች" የሚባል ነገር የለም።

ፍለጋው የሚቀለው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ሞተሩ ከጋለ ትንሿ ጠብታ እዚያው ትደርቃለች። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ጠብታው የት እንደወደቀ ታያላችሁ። ከዚያ በባትሪ እያበራችሁ ማኒኮቶዎቹን ጫፍ ጫፋቸውን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው። የውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የፓምፑ የውስጥ ጎማ ሲያልቅ ውሃው በእሷ ነው የሚንጠባጠበው። ራዲያተሩ ላይ ፕላስቲኩ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በጣታችሁ ዳሱት። ጋቢና ውስጥ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥር ምንጣፉ ከራሰና ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘ፣ ውሃው ግን እየቀነሰ ከሄደ፣ ያኔ ነው ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር። በቴስታታውና በብሎኩ (ከሥሩ ባለው ዋናው የሞተር አካል) መካከል ያለው ስስ ንጣፍ እሱ ነው። የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ውሃውንና ዘይቱን ለያይቶ የያዘው እሱ ብቻ ነው።

የራዲያተር ክዳንን እንደ ተራ መክደኛ ማየት

ይሄን ረዘም አድርጌ ልናገረው፤ እኛን ደሴዎችን በተለይ ይመለከታል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ 94 ዲግሪ ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ደሴ ላይ ንፍሮ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ቁጥሩን ባይሉትም ነገሩን ከማናችንም በፊት ያውቁታል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ራዲያተሩ ክፍት ድስት ቢሆን ኖሮ ደሴ ላይ ተራ ውሃ የያዘ ሞተር ሁሉ ይፈላ ነበር። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ልክ እንደ ፕሬሸር ኩከር ግፊት አምቆ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ደህና የ0.9 ክዳን ካለ ውሃው ደሴ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በታች አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ያ ሁሉ መከላከያ የለም። ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ በ92 ዲግሪ ይፈላል።

አንድ ጎረቤቴ ቪትዝ አለው። ኮምቦልቻ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክራት ምንም አትልም። ማታ ደሴ ስትደርስ ከመጠባበቂያው እቃ ውሃ ትተፋለች። ሁለት ጋራዥ "ጓርኒሲዮን ነው፣ ይፈታ" አሉት። ሦስተኛው ክዳኑን ገልብጦ አየው። ጎማው በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆርሶ ወደቀ። አዲስ ክዳን ተገዛ፤ አለቀ።

ክዳን ስትገዙ በነበረው ቁጥር ልክ ግዙ። "ጠንካራው ይሻላል" ብሎ በ0.9 ቦታ 1.1 መግጠም ያረጀ ማኒኮቶ ያፈነዳል። የላላ ክዳን በፌስታል ጠቅልሎ ማጥበቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ግፊቱን የሚይዘው ስፕሪንጉና ጎማው እንጂ ጥብቀቱ አይደለም።

ትኩስ ራዲያተር መክፈት

ያ የታመቀ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይወጣል። ፊትና ክንድ ነው የሚያገኘው። ጨርቅ አያድንም። የላይኛውን ማኒኮቶ ሳታቃጠሉ ጨብጣችሁ ለስለስ ብሎ እስክታገኙት ድረስ አትክፈቱ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። የተቃጠለ ሰው ካለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አፍሱለት፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አትቀቡት፣ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

መርፌው ወረደ ብሎ መቀጠል

ሐረጎ ላይ እኔን ያታለለችኝ ይቺ ናት። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ። ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መሃል ተመለሰ። "ተመስገን" ብዬ ነዳሁ።

የሆነው ግን ውሃው አልቆ ነው። የሙቀት ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚለካው። ውሃው ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀርና መርፌው ይወርዳል። ብረቱ ግን እየነደደ ነው። ማሞቂያውን ብከፍተው ኖሮ አውቀው ነበር። መርፌው ከፍ ብሎ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ መስመሩ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ ሞተሩን አጥፉ።

ብዙዎቹ ቴስታታዎች አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሥሩ ያለው ብሎክ ደግሞ በቆዩት መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ሁለቱ ከልክ በላይ ሲግሉ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል፣ ጓርኒሲዮኑም መካከላቸው ይፈጫል። "ጋራዥ እስክደርስ አምስት ኪሎ ሜትር ናት" የምትሉት ያቺ አምስት ኪሎ ሜትር ቴስታታውን ለማጣመም ትበቃለች። ክሬን ወይም የሚጎትት መኪና መጥራት ይረክሳል፤ እኔ ሁለቱንም ከፍዬ አይቻለሁ።

መርፌው ገና መውጣት ሲጀምርና ውሃ እንዳለ ስታውቁ ግን ሌላ ነው። ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮቱን አውርዱ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። ቦታ ስታገኙ ዳር ያዙ። መርፌው ካልወረደ አጥፉ።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ

ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሰ መካኒክ አለ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቀው አንድ ነገር ብቻ አለኝ። "ልጄ፣ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብትደፋበት ምን ይሆናል?" ብረትም እንደዚያው ነው፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ብሎኩ። የተጣመመ ቴስታታ ይስተካከላል። የተሰነጠቀ ብሎክ ግን ብዙ ጊዜ የመኪናው መጨረሻ ነው። ሞተሩ ይብረድ፤ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ቀስ እያላችሁ ሙሉ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

"አብሽር፣ ይሄን አውጥተን እንጣለው፣ ከዚህ በኋላ አትግልም" የሚል መካኒክ አጋጥሟችሁ ይሆናል። እኔንም ገጥሞኛል። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ቴርሞስታቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዝ መዝጊያ ስለሆነ፣ ከሌለ ውሃው እንደ ልቡ ይዞራል። ግን በደሴ ብርድ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል። ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ያረጃል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ በአቋራጭ የሚመለሰውን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ በአቋራጩ ይዞራል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ትቀዘቅዛለች፣ ዳገት ላይ ትግላለች። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይቀየራል እንጂ አይጣልም።

ማጣበቂያ ዱቄት ማፍሰስ

የሚያፈሰውን ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትና ፈሳሽ የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመሮችም አብሮ ይደፍናል። ከባቲ በረሃ ለመውጣት ሌላ መንገድ ከሌለ ይሁን። ከዚያ ውጭ አልመክርም።

ሳይመረመር ማስፈታት

የዘይት መክደኛው ሥር ነጭ ቅባት ታየ ብሎ ብቻ የሚፈታ አለ። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሆጤ በአጭር መንገድ እየተመላለሰች የምትውል መኪና በብርዱ ወራት እርጥበት ተጠራቅሞባት መክደኛዋ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ታሳያለች። የዘይት መለኪያውን ዱላ አውጥታችሁ እዩ። ዱላው ላይ ያለው ዘይት ወተት እንደተጨመረበት ማኪያቶ ከሆነ ያኔ ያስፈራል።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆምና ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ማኒኮቶ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ። ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ሲፈቱ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጣ አንድ ካንዴላ። ምርመራም አለው። በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሣሪያ ይደረጋል፤ የሞተር ጋዝ ወደ ውሃው ከገባ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የየሲሊንደሩን ግፊት፣ ማስለካትም ይቻላል። ይህን ሳያደርግ "በድምፁ አውቄዋለሁ" ለሚል ሰው ቁልፉን አትስጡ።

ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሮ መግጠም

እኔን ሁለቴ ያስከፈለኝ ስህተት ይህ ነው። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ቴስታታውን ፈታ፣ ገጹን በሚሽከረከር ሸራ ወረቀት አሸ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ ገጠመ። ሁለት ወር አልሞላም፣ ተመልሳ ፈላች።

በሁለተኛው ጊዜ ጋሼ ጋር ወሰድኳት። ቴስታታውን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቆመበት። ከዚያ የክፍተት መለኪያውን ስስ ቆርቆሮ ከሥሩ ላከ። በመሃል በኩል ቆርቆሮው ሽሎክ ብሎ አለፈ። ለብዙ ቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ብዙም አይለይም። የኔው ከዚያ በብዙ አልፎ ነበር። ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ፤ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረውም ተመረመረ። የመጀመሪያው ጋራዥ የሸራ ወረቀት ብናኝ ደግሞ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኖቹን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ንጣፎች) መፋቅ ጀምሮ ነበር።

ስታስፈቱ እነዚህን ጠይቁ። ቴስታታው በማስመሪያ ተለክቷል? ቡሎኖቹስ? ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚለጠጥ ስለሆነ ሁለተኛ አይገጠምም። አጠባበቁ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች መሆን አለበት፤ በክንድ ግምት አይሆንም። ዘይትና ፊልትሮም አብረው ይቀየሩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ መጀመሪያ ያጋላት ምን ነበር? ፓምፑ ይሁን፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ወይም የተዘጋ ራዲያተር፣ መልሱ ካልተገኘ አዲሱም ጓርኒሲዮን ያው ነው።

የቧንቧ ውሃና ቀለም

ኩላንት፣ ከሞተሩ ውሃ ጋር የሚደባለቀው ባለቀለም ፈሳሽ፣ ለውርጭ ብቻ የሚሆን የሚመስለው ብዙ ነው። ዝገት ይከላከላል፣ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅም የመፍያውን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ ውስጡን እንደ ማንቆርቆሪያ ነጭ ያለብሰዋል፤ የቦርከና ወንዝ ውሃማ አይነሳ። ለመደባለቂያ የባትሪ ውሃ (የተጣራው ውሃ፣ አሲዱ አይደለም) ይሻላል። ቀለሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለት ዓይነት አትቀላቅሉ፣ የሞተሩ መጽሐፍ የሚለውን እዩ። የተቀዳው ኩላንት ግቢ ውስጥ አይደፋ። መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ። ልጅና ውሻ ይልሰዋል።

አየር ሳያስወጡ መልቀቅ

ከጥገናው በኋላ መስመሩ ውስጥ የታመቀ አየር ሞተሩን እንደገና ያግለዋል። ደሴ ላይ ዳገት አይጠፋም፤ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሟት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን አብሩ፣ አስነሱና አረፋው እስኪቆም ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ማሞቂያው ትኩስ ሲነፋ ክደኑ። በማግስቱ ሐረጎን ወርዳችሁ ውጡ። ከዚያ አንድ ሳምንት፣ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መጠባበቂያው እቃ ላይ ያለውን መስመር እዩ። በኔዋ መጀመሪያ ቀን በጣት ስፋት ያህል ወረደ፤ የቀረው አየር ወጥቶ ነው። ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ከመስመሩ አልወረደም።