ዕጩ ልትሰሙ ስትሄዱ እነዚህን አትሳሳቱ

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ የማኅበረሰባችንን ሰዎች ይዤ የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ስብሰባ ስመላለስ ዓመታት ሆኑኝ። ሰው ከሥራ ቀርቶ፣ ብርድ ላይ ሦስት ሰዓት ተሰልፎ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የማይኩ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ታውን ሆል (ሕዝቡ ዕጩውን ፊት ለፊት የሚጠይቅበት ስብሰባ) ላይ ማይኩ ከእኛ መሐል አንድ አባት ጋ ደረሰ። ደስ አለን። እሳቸው መጀመሪያ ዕጩውን አመሰገኑ። ቀጥለው አሜሪካ መቼ እንደገቡ ተናገሩ። ከዚያ ዐድዋ መጣ። ማይክ የምታዞረው ልጅ እጇን ስትዘረጋ በመጨረሻ «ዲቪስ ይቀጥላል ወይ?» አሉ። ዕጩው ስደተኛን እንደሚያከብሩ ተናገሩ፤ ሕጉ የኮንግረስ ጉዳይ ነው ብለው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ። አለቀ።

ጥያቄው የብዙዎቻችን ጭንቀት ነው። ግን ዲቪን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ነው፤ ሕግ የሚያሻሽለው ደግሞ ኮንግረስ ነው። ስለዚህ ዕጩ በቀላሉ ይሾልካል። ፕሬዚዳንቱ ራሱ የሚወስነውን ጠይቁ። በስደተኝነት ተመዝግበው ከካምፕ የሚመጡ ሰዎችን የዓመት ጣሪያ ከኮንግረስ ጋር ተመካክሮ የሚወስነው እሱ ነው። ለ2016 በጀት ዓመት 85,000 ነበር፤ ለ2020 ወደ 18,000 ወረደ። አጎዋም፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል፣ እንደዚያው ነው፤ ኢትዮጵያ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 የወጣችው በፕሬዚዳንት ባይደን ውሳኔ ነው። «ጣሪያውን ስንት ያደርጉታል?» በሉ። ቁጥር ካልሰጡ አዳራሹ ሁሉ ያያል። ሰላምታው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ቤታችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ይህቺን በደንብ ስሙኝ። በር ላይ ወረቀት ይዘው የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ግን ያገኙትን ሁሉ «መራጭነት ተመዝገቡ» ይላሉ። አንዲት እህታችን ስሟን ጽፋ እስክሪብቶው ፊርማው ቦታ ላይ ነበር፤ እጇን ይዤ አስቆምኳት። «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» በሚለው ላይ «አዎ» ብላ ምልክት አድርጋለች። የድጋፍ ፊርማ መስሏት ነው! ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት እስከ መባረር ያደርሳል። ስብሰባው ላይ መገኘት፣ ማጨብጨብ፣ መጠየቅ ትችላላችሁ። የምርጫ ምዝገባ ቅጽ ላይ ግን አትፈርሙ።

ትልቅ ቦርሳ አትያዙ። ዕጩዎችን የሚጠብቀው ሴክሬት ሰርቪስ ያለበት ቦታ ፍተሻው እንደ ኤርፖርት ነው።

ስልክ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይሁን። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ቀረጽኩ። ማታ እናቴ «ስለ ሕክምና ምን አሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። አሁን ትንሽ ደብተር እይዛለሁ። ዕጩው ቃል በገቡ ቁጥር ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ መቼ፣ በስንት ብር፣ ብሩ ከየት። ባዶ የሚቀረው ቦታ ብዙ ነው፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄ የማወጣው ከእሱ ነው።

ማይኩ ካልደረሳችሁም ቶሎ አትውጡ። ዕጩው በአጥሩ በኩል እየጨበጡ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ለሰልፊ ይጋፋል። ከኋላቸው የሚከተሉትን ሠራተኞች ፈልጉ። ጥያቄያችሁን ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ለአንዱ ስጡት።