«አንዲቷ ብቻ ናት ያለባት»፦ በግ አርቢዎች በሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ላይ የሚሠሯቸውና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቁ የጣና ዳር ቀበሌዎች በእንስሳት ጤና ሥራ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። ስለ በግ የቆዳ በሽታ ስጠራ ከደጅ የሚቀበለኝ ንግግር ሁልጊዜ ያው ነው፦ «አንዲቷ ብቻ ናት ያለባት።» ተናጋሪው አይዋሽም። ጠጉሯ የረገፈው፣ ከአጥር ጋር ስትታሽ የምትውለው በእርግጥ አንዲቷ ናት። ችግሩ ያላየውን የለም ብሎ መደምደሙ ነው።

የእንስሳት በሽታዎችን ስለመከላከልና ስለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ብዙ አንቀጽ አለው። ለአርቢው የሚተርፈውን በአጭሩ ስናገረው ግን እንዲህ ነው፦ የጠረጠረ ያሳውቅ፣ የታመመው ይለይ፣ የተለየው አይንቀሳቀስ። ሦስቱም ስለ አንድ በግ የተጻፉ ይመስላሉ፤ የሚጠብቁት ግን የቀረውን መንጋና የጎረቤትን መንጋ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

«አንዲቷን ብቻ ውጋልኝ»

የበግ እከክ የሚመጣው በዐይን ለማየት ከሚያስቸግሩ፣ ስምንት እግር ካላቸው ጥቃቅን ተባዮች ነው። ሳርኮፕቲስ የሚባለው ቆዳ ቦርቡሮ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከፊት፣ ከከንፈር ዙሪያና ከጆሮ ይጀምራል። ሶሮፕቲስ የሚባለው ደግሞ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ጠጉር የለበሰውን ጎንና ጀርባ ያቆስላል። ሶሮፕቲስ ከእንቁላል ተነሥቶ ራሱ እንቁላል ለመጣል የሚበቃው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ በጓ እየጋጠች፣ እያመነዠከች ደህና መስላ ትውላለች። ባለቤቱ «እነዚህ ጤነኞች ናቸው» ብሎ ከመርፌ የሚያስቀርልኝ እንግዲህ እነዚህን ነው።

ማንም ሰው በእጁ ሊያደርገው የሚችል አንድ ፍተሻ አለ። ደህና የምትመስለውን በግ ይዘው ጎኗን በጣትዎ አከክ አከክ ያድርጉ። አንገቷን ጠምዝዛ ከንፈሯን ካንቀጠቀጠች፣ አየር የምታኝክ ከመሰለች፣ ገና ያልታየ እከክ ሊኖርባት ይችላል። ማረጋገጫው ከቁስሉ ዳር ተፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነው፤ ባሕር ዳር ለዚህ የሚሆን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላት። ጠጉርን ገለጥ አድርጎ ማየትም አይርሱ። የጎጃሙ ዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ነውና የተላጠው ቦታ ቶሎ ይታያል፤ ከጣና በስተምሥራቅ የሚረባው ባለረጅም ጠጉሩ የፋርጣ በግ ግን በሽታውን ሸፍኖ ሊያቆይ ይችላል።

ስለዚህ ሕክምናው ሙሉውን መንጋ በአንድ ቀን ነው፦ እናቲቱን፣ ጠቦቱን፣ አውራውን፣ ለበዓል የታሰረውን ሙክት። አንድ ጋጥ የሚያድሩ ፍየሎች ካሉ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ሳርኮፕቲስ ፍየልንም አይምርም። የአንድ ቤት መንጋ መታከም ራሱ ሁልጊዜ አይበቃም። ጣና ከክረምት በኋላ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚተወው ባሕር ሸሽ መሬት የስንት መንደር በግ እንደሚያገናኝ የአካባቢው ሰው ያውቃል። እዚያ የሚውለው የጎረቤት መንጋ ካልታከመ ከሁለት ወር በኋላ እኔም ተመልሼ እመጣለሁ፣ እከኩም።

አውስትራሊያ የሶሮፕቲስን እከክ እ.ኤ.አ. በ1896 ያጠፋችው በጎቿ ጥቂት ስለነበሩ አይደለም። መንጋን ሁሉ ማከምንና የታመመን አለማንቀሳቀስን በሕግ ስላስገደደች ነው። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1952 አጥፍታው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ገባ፤ በጎችን በመድኃኒት ውኃ የመንከሩ አገር አቀፍ ግዴታ በ1992 ሲቀር ደግሞ እንደ ልቡ ተዛመተ። ግዴታው ሲነሣ አርቢው ሁሉ «ጎረቤቴ ይጀምር» ብሎ የተቀመጠ ይመስለኛል። የእኛም ሰፈር ጠባይ ከዚህ አይርቅም።

«እከክ እኮ ነው»

ቆዳ ላይ የወጣ ሁሉ እከክ አይደለም። ይህን ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱም በእከክ ስም ፈንጣጣ ተደብቆ ያልፋል። እከክ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ አጥብቆ የሚያሳክክ ነው። የበግ ፈንጣጣ ግን ድንገት በትኩሳት ይጀምራል፤ በጓ ታቀረቅራለች፣ ዐይኗና አፍንጫዋ ይፈሳል። ከዚያ ጠጉር በሌለበት ወይም በሳሳበት ቦታ፣ በጅራት ሥር፣ በብብት፣ በጡት፣ በፊት ላይ ጠጠር ያሉ እብጠቶች ይወጣሉ። ዋና ምልክቱ ማሳከክ አይደለም። ግልገሎችን ይፈጃል። የተላላጠው ቅርፊት በጥላ ባለ ጋጥ ውስጥ ተሕዋሱን ለወራት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ፈንጣጣ ሲጠረጠር ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። በጉ ካለበት አይነቃነቅም፣ መንጋው ወደ ወል ግጦሽ አይወጣም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እዚሁ አገራችን ይመረታል፤ የሚሰጠው ግን ገና ላልታመሙት ነው። «ለታመመችው ክትባት ስጥልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ክትባት መድኃኒት አይደለም። ደግሞም በቅዝቃዜ ካልተያዘና ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ውኃ እንደ መውጋት ነው።

ከንፈር ላይ ብቻ የሚወጣ፣ ግልገሉን ጡት የሚያስተው ቅርፊታም ቁስልም አለ። እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ ወደ ሰው እጅም ይተላለፋልና በባዶ እጅ አይነካ።

«አንድ መርፌ ይበቃዋል»

አንዲት እናት ነበሩ፣ ዘጠኝ በግ ያላቸው። የመጀመሪያውን ዙር በደስታ አስወጉ። በሰባተኛው ቀን ስመለስ ደጃፉ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ድነዋል እኮ፤ ስለምን ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ?» አሉኝ። በጎቹን አየኋቸው፤ እውነትም ማሳከኩ ቀንሷል። «እማማ፣ የሞተው ትልቁ ነው፣ እንቁላሉ አልሞተም» ብል ሰሚ አላገኘሁም። ከአርባ ቀን በኋላ ራሳቸው ልጅ ልከው አስጠሩኝ።

የምንወጋው መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ እንቁላል አይገድልም። ለሶሮፕቲስ ሁለተኛው መርፌ በ7ኛው ቀን የሚደገመው ከእንቁላል የወጣውን አዲሱን ትውልድ ራሱ ሳይወልድ ለመቅደም ነው። ለሳርኮፕቲስ አብዛኛውን ጊዜ በ14ኛው ቀን ይደገማል። የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን መተው ገንዘብ ማዳን የሚመስለው ለሰው ነው እንጂ ለተባዩስ ዕድሜ ማራዘም ነው።

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መንጋውን ሁሉ በዐይኔ ገምቼ ለእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ሲሲ ሰጠሁ። ሙክቱም ጠቦቱም እኩል ወሰዱ። ጠቦቱ ከሚገባው በላይ አገኘ፣ ሙክቱ ከሚገባው በታች፤ እከኩም ከሙክቱ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ተመለሰ። 1 በመቶ የሆነው አይቨርሜክቲን ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሲሲ ነው። 30 ኪሎ ለምትመዝን በግ 0.6 ሲሲ፣ 15 ኪሎ ለሆነ ጠቦት 0.3 ሲሲ ማለት ነው። የሚወጋው ከቆዳ ሥር ነው፣ ጡንቻ ውስጥ አይደለም። ሚዛን ባይኖር ከመንጋው ትልቁን ተሸክሞ መገመት ከምንም ይሻላል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይባል የለ።

በአፍ የሚጋተው የአይቨርሜክቲን ዓይነት ለሆድ ትላትል እንጂ ለዚህ እከክ አስተማማኝ አይደለም፤ ርካሽ ነው ብለው አይቀይሩት። ለፋሲካ የሚታረድ ሙክት ካለዎት ደግሞ ከመወጋቱ በፊት ቀን ይቁጠሩ፦ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከጠርሙሱ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ማከም የጀመረ ሰው በዓሉ ከቀኑ ቀድሞ ይደርስበታል።

«የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት»

የሞተር ዘይት ተባዩን ቢያፍን እንኳ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ግልገል ይልሰዋል፣ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያይ ይሸፍናል። ከዚህ የባሰው ለጫት ወይም ለእህል የተገዛ ፀረ ተባይን በግ ላይ መርጨት ነው። የእንስሳት መድኃኒትና መኖን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒት በቁጥጥር ሥር እንዲውል ያደረገው ያለ ነገር አይደለም። ከገበያ ሸራ ላይ የተነጠፈ፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ ውስጡ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም፣ ሻጩም አያውቅም።

«በዓል ሳያልፍ ቶሎ ሽጣት»

ይህ ምክር ከጎረቤት፣ ከደላላ፣ አንዳንዴም ከዘመድ ይመጣል። የታመመን በግ ገበያ ማውጣት ሕጉ የሚከለክለው ነገር ነው። ሕጉ ባይኖርስ? ያቺ በግ ገበያ ውስጥ ስንቷን እየታከከች እንደምትውል አስቡት፤ ያልተሸጡት በጎች ደግሞ ማታ ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። በግ ጭኖ ከወረዳ ወረዳ የሚሄድ ነጋዴ የጤና ምስክር ወረቀት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ወረቀቱ በጎቹ ሳይታዩ የሚገኝ ከሆነ ግን የመኪናውን መስታወት ከማሳመር አያልፍም።

ገዢውም ከጥፋት ነፃ አይደለም። አዲስ የተገዛ በግ በዚያው ማታ ከነባሩ መንጋ ጋር ጋጥ ይገባል። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይታሰር፣ ለብቻው ይጠጣ፣ ገመዱም የራሱ ይሁን። ደቅ ደሴት ላይ በግ የሚያረባ ሰው ሲያስቀናኝ ይኖራል፤ ጣና ዙሪያውን አጥሮለታል፣ ከእሱ የተሻለ ለይቶ ማቆያ ማን አለው? ሆኖም አንዲት በጀልባ የገባች፣ ያልታየች በግ ያን ሁሉ አጥር በአንድ ቀን ታፈርሰዋለች።

ቆዳ ፋብሪካዎችም በተለፋው ቆዳ ላይ ያለውን ነጠብጣብ «እከክ» ይሉታል፣ ዋጋም ያወርዱበታል። ያኛው አብዛኛውን ጊዜ የቅማልና ክንፍ የሌለው የበግ ዝንብ ሥራ ነው፤ በጉ በቁሙ ካልታከመ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ የሚታጠብ ነገር አይደለም።

«ብናገር በጎቼን ይወስዱብኛል»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ተረት ለሰው እንጂ ለበግ አንጠቅሰውም። ለእከክ ብሎ በግ የሚወስድ የለም፤ የሚመጣው ሕክምናና ለጊዜው በቤት የመቆየት ትእዛዝ ነው። ፈንጣጣ ሲሆን ክልከላው ጠንከር ይላል፣ በዙሪያው ያሉ መንጋዎችም ይከተባሉ። ፍርሃቱ ግን ከሜዳ አልመጣም። ባለሙያው ተጠርቶ በሳምንቱ የሚደርስ ከሆነ፣ ወይም «ለምን ቶሎ አልተናገርክም» ብሎ በሰው ፊት የሚቆጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይናገራል? ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ ነው።

ጋጡን መርሳት

እከክ ከበጉ ላይ ወርዶም ሁለት ሳምንት አካባቢ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጠጉር ለቅመው ያቃጥሉ፣ ፍጉን ጠርገው ያውጡ፣ ከተቻለ ጋጡን ሦስት ሳምንት ባዶ ይተዉት።

የመድኃኒቱን ውኃ ወደ ጣና መልቀቅ

ዲያዚኖን የሚባለው ፀረ ተባይ በተበጠበጠበት ውኃ በጎችን መንከር በደንብ ከተሠራ ጥሩ ዘዴ ነው፦ በጉ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠልቃል፣ ጭንቅላቱ ሁለት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ የሚነክረው ሰው ጓንት ያደርጋል። የተጠማ በግ አይነከርም፣ ይጠጣዋልና። ክፍት ቁስል ያለበትና መውለጃዋ የደረሰም እንዲሁ። የመጨረሻው ስህተት የሚመጣው በጎቹ ከወጡ በኋላ ነው፦ በርሜሉ ወደ ቦዩ ይደፋል፣ ቦዩ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዲያዚኖን ለዓሣ መርዝ ነው። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች ያሉበት፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ከነዙሪያው የመዘገበው ሐይቅ ነው። ይህ ባይሆን እንኳ ቀረሶው የማታ ራታችን ነው። ትርፉ ውኃ ከሐይቁ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ፣ ባለሙያ ባሳየው ደረቅ መሬት ላይ ይወገዳል።

ባዶው ጠርሙስም ይሰበራል ወይም ተወግቶ ይቀበራል። አንድ ወዳጄ «አትጣለው፣ የኑግ ዘይት መያዣ ይሆነኛል» ብሎ ለመነኝ። ፊቱ በካራ ወጋሁትና ቀበርኩት፤ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።