በድሬ ሙቀት ጠዋትና ማታን እንዴት እናደራጅ?

ጠዋት በጊዜ ስለመነሳት የሚወራው ምክር አብዛኛው ቀዝቃዛ አገር ለሚኖር ሰው የተሰጠ ነው። ተነስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ቢሮ ግባ፣ እስከ ማታ ሳታቋርጥ ሥራ። ድሬ ዳዋ ላይ ይሄን የሚሞክር ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል፤ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ፕሮግራሙ ለዚህ ከተማ ስላልተሠራ ነው። እዚህ ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ ከዚያ ወደ 10 ሰዓት ግድም እንደ መጋላና ከዚራ ያሉት ሰፈሮች እንደገና ነፍስ ይዘራሉ። ይሄን ሙቀት ታግሎ የሚያሸንፍ ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ቀኑን በሙቀቱ ልክ እንቁረጠው።

ሌላው ነገር፣ ብዙ ሰው ከጠዋቱ ይጀምራል። አላርም ይሞላል፣ ይደውላል፣ ያጠፋዋል፣ በቃ። እኔ የምለው ከማታው ጀምሩ ነው። ጠዋት መነሳት ያቃተው ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ትናንት ከ11 ሰዓት በኋላ ባደረገው ነገር ውስጥ ነው።

መጀመሪያ አንድ የመነሻ ሰዓት ምረጡ። በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን። በአውሮፓ በክረምትና በበጋ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት በጣም ይራራቃል፣ ድሬ ላይ ግን ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ 11:30 ብላችሁ ከያዛችሁ ሐምሌም ይሁን ጥር አትቀይሩትም። በዚያ ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ስልክ የሚደውል የለም፣ የመንግሥት ቢሮ እስኪከፈትም ገና ጊዜ አላችሁ። ከ12 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የድሬ ወርቅ ነው። ነጋዴ ከሆናችሁ ሒሳባችሁን ያኔ ሥሩ፣ ተማሪ ከሆናችሁ ከባዱን ትምህርት ያኔ አንብቡ፣ ቀፊራ ገበያ ወርዶ አስቤዛ የሚገዛም ያኔ ይውረድ። ቀላሉን ሥራ፣ ማለትም ስልክ መደወሉን፣ ዕቃ መደርደሩን፣ መልእክት መመለሱን፣ ለሙቀቱ ሰዓት ተዉት።

አሁን ወደኋላ ቁጠሩ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። በ11:30 የሚነሳ ሰው በ4:30 እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል፣ ስለዚህ በ4 ሰዓት አልጋ ላይ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ቀኑን መዝጋት። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ድሬ ላይ የሚያደናቅፉት ግን ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጫት፣ ቡናና ሙቀት።

ጫቱን በግልጽ እናውራው፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ስለ ጊዜ አጠቃቀም አውርቶ በርጫን፣ ማለትም የጫት ቁጭታውን፣ መዝለል ራስን ማታለል ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ወዳጅነትም፣ ሥራም፣ ሽምግልናም በርጫ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፣ ባሕርዩም ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉትም ለዚህ ነው። ታዲያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተቀምጦ እስከ ማታ 1 ሰዓት የቃመ ሰው በ4 ሰዓት እንቅልፍ ይወስደዋል ማለት ዘበት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ጣራ ሲቆጥር ያድራል፣ ጠዋት ተሰብሮ ይነሳል፣ ያንን ለማባረር እንደገና ይቅማል። ጨብሲ፣ ማለትም ከቅሚያው በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ መፍትሔ የሚመስለው አለ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ እውነት ነው፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። የሚተው ሰው እሰየው። የማይተው ደግሞ ቢያንስ ሰዓቱን ያሳጥር፤ ምሳ እንደበላ ጀምሮ በ10 ሰዓት ያብቃ፣ በሥራ ቀን ማታ አይድገም፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ይሄ አንድ ለውጥ ብቻውን ከማንኛውም አላርም የበለጠ ይሠራል።

ቡናም እንደዚሁ። ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነታችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። የማታዋን ቡና ወደ 9 ሰዓት አምጧት። ሐረሮች፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ካፌይን እንዳለው አትርሱ።

ሙቀቱ ደግሞ በራሱ እንቅልፍ ይከለክላል። ሰውነት እንዲተኛ የውስጥ ሙቀቱ ትንሽ መውረድ አለበት፣ ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ እንዴት ይውረድ? ስለዚህ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት መስኮቱንና መጋረጃውን ዝጉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉንም ክፈቱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀን ከፍቶ ሙቀቱን ያስገባል፣ ማታ ዘግቶ ያስቀረዋል። ከመተኛታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። በግንቦትና በሰኔ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ መተኛት የቆየ የድሬ ልማድ ነው፣ ግቢያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ አጎበር አድርጋችሁ ቀጥሉበት።

የቀን እንቅልፍም ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ በዚህ ከተማ። ግን 20 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ9 ሰዓት በፊትም ይለቅ። 10 ሰዓት ላይ ጋደም ብሎ 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው ሌሊቱን ከአሁኑ አበላሽቶታል።

ከ3 ሰዓት ጀምሮ የሚሠራው እንግዲህ የነገን ጠዋት ማቅለል ነው። መብራት ስላለ ልብሱን ተኩሱ፣ ጠዋት ልትጠፋ ትችላለች። ስልኩንና ፓወር ባንኩን ሰኩ። ውሃ የምትመጣበት ሌሊት ከሆነ ጀሪካኑንና በርሜሉን ሙሉ፣ ከሞላችሁ በኋላ ክደኑት፤ የዴንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ የምትራባው ክዳን በሌለው የቤት ውሃ ውስጥ ነው፣ ሁለቱም በሽታዎች ድሬን ጎብኝተዋታል። ቦርሳውን፣ ቁልፉን፣ የባጃጅ ዝርዝር ብሩን አንድ ቦታ በር አጠገብ አድርጉ። ልጆች ካሉ ደብተራቸውና ዩኒፎርማቸው ማታ ይለቅ፣ እሱንም እነሱ ራሳቸው ያድርጉት። ይሄን ሁሉ እናት ብቻዋን የምትሠራ ከሆነ ፕሮግራም አይባልም፣ አንድ ሰው ላይ የተጫነ ሸክም ነው።

ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነገ የግድ የሚሠሩ ሦስት ነገሮችን ጻፉ። ሦስት ብቻ። አስር የጻፈ ሰው ቀላል ቀላሉን እየመረጠ ይውላል፣ ዋናው ሳይነካ ይመሻል። ከሦስቱ አንዱን አክብቡበት፣ እሱ ጠዋት ከ12 ሰዓት በኋላ መጀመሪያ የሚነካው ነው። ስልኩ ከአልጋ ይራቅ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ። ስለ ስልክ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጠዋቱ ያኔ ብዙ ጥረት አይጠይቅም። አላርሙን ለማጥፋት መነሳት የግድ ይሆናል። ተነሱ፣ ታጠቡ፣ የሚጸልይ ይጸልይ፣ የሚሰግድ ይስገድ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡና ውጡ። የጠዋት ብርሃን ለሰውነት ቀኑ መጀመሩን ይነግረዋል፣ ማታም በሰዓቱ እንቅልፍ እንዲመጣ ያግዛል። በደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም በከዚራ ዛፎች ሥር 20 ደቂቃ መራመድ ይበቃል። ተመልሳችሁ ሻይና ፈጢራ፣ ወይ ፉል፣ ከዚያ ወደ ከበባችሁበት ሥራ። ስልኩን የምታዩት ከሱ በኋላ ነው።

አንድ ላይ አትጀምሩት። መጀመሪያ የመኝታ ሰዓቱን ብቻ ያዙ። እሱ ሲለምድ የሦስቱን ሥራ ወረቀት ጨምሩ፣ ከዚያ የጠዋቱን እርምጃ። አዲሱን ነገር ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር እሰሩት፤ «እራት ከተነሳ በኋላ ልብስ እተኩሳለሁ» የሚለው «ማታ ልብስ እተኩሳለሁ» ከሚለው ይሻላል፣ መነሻው ግልጽ ነውና። በ21 ቀን ልማድ ይሆናል የሚባለውን አትመኑ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን አሳትፎ በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ጥናት አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ፣ መካከለኛው 66 እንደሆነ አሳይቷል። እዚያው ጥናት ላይ አንድ ቀን መዝለል ብዙም ጉዳት አላመጣም። አርብ ሠርግ ኖሮ ካመለጣችሁ ቅዳሜ ማታ ቀጥሉ። እሁድ ጠዋት ግን ከሌላው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አትዘግዩ፣ አለዚያ ሰኞ እንደ አዲስ መጀመር ይመጣል።

ሐረር ለምትኖሩ ትንሽ ማስተካከያ አለ። ከተማችሁ ከድሬ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ስለሚል ቀትሩ ያን ያህል አያስቆምም፣ ስለዚህ ከባድ ሥራ እስከ 6 ሰዓት ድረስ መቀጠል ይቻላል። የጠዋቱ ብርድ ግን ከብርድ ልብስ አያስወጣም፣ ጋቢና ካልሲ ማታውኑ አልጋ አጠገብ አድርጉ።

በረመዳን አዲስ ፕሮግራም አትጀምሩ። የነበረውን በሱሁርና በኢፍጣር ዙሪያ አሸጋሽጉት፣ ከሱብሂ በኋላ ያለውን ሰዓት ለዋናው ሥራ ያዙት፣ የጎደለውን እንቅልፍ ከዙሁር በኋላ ሙሉት።

ፋብሪካና ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ሰዓቱን እርሱት፣ ቅደም ተከተሉን ያዙ። «ማታ» ማለት ለእናንተ ከመተኛት በፊት ያለው ጊዜ ነው፣ ወረቀቱም ልብሱም ያኔ ይዘጋጃል። ከሥራ እንደወጣችሁ ሻይ ቤት አትቀመጡ፣ ሙቀቱ ሳይጠና በ2 ሰዓት አልጋ ግቡ። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፣ ቤተሰቡም እስከ 9:30 ድረስ በር እንዳያንኳኳ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።