ፓንዳስን በፍላሽ ይዞ ዘጌ መሻገር

ታናሽ ወንድሜ ዘጌ ያስተምራል። የተማሪዎቹን ውጤት ከኤክሴል አንብቦ ደረጃ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌለታለሁ፤ ኤክሴሉን የሚያነብለት ፓንዳስ የሚባል ተጨማሪ ፓኬጅ (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ነው። የሚሠራበት ኮምፒውተር ግን ኢንተርኔት የለውም፤ የስልኩም ኔትወርክ ፎቶ ለመላክ ያህል ነው። ስለዚህ ሁሉንም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ አወርድና በፍላሽ ይዤ በጀልባ እሻገራለሁ።

መጀመሪያ ስለዚያኛው ማሽን ጠይቁ። ዊንዶውሱ ስንት ነው? 32 ቢት ነው ወይስ 64? እኔ የሲስተሙን ገጽ ፎቶ አስልኬ ነው ያየሁት። ዊንዶውስ 7፣ ሰርቪስ ፓክ 1፣ 64 ቢት። ከ3.9 ጀምሮ ያለው ፓይተን እዚህ ላይ አይሠራም። ስለዚህ 3.8.10ን መረጥኩ፤ ፓንዳስም ከ2.0.3 ማለፍ የለበትም። ያንኑ ፓይተን እኔም ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ይህ ብዙ ጣጣ ያስቀራል፤ የማወርዳቸው ፓኬጆች ከዚያኛው ፓይተን ጋር ይገጥማሉ።

ፓኬጅ የሚያወርደውና የሚጭነው የፓይተን መሣሪያ ፒፕ ይባላል፤ ማውረጃው ትእዛዝ ፒፕ ዳውንሎድ ነው። ምንም አይጭንም። የጠየቃችሁትን ፓኬጅ ከነዲፔንደንሲው (እንዲሠራ ከሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች ጋር) አንድ ፎልደር ውስጥ ያጠራቅማል። ፓንዳስ ብቻ ብትሉት ነምፓይ፣ ዴትዩቲል፣ ፓይቲዜድና ቲዜድዳታ ይከተላሉ፤ ዴትዩቲል ደግሞ ሲክስን ይጎትታል። ኦንሊ ባይነሪ የሚለውን ምርጫ ጨምሩበት። ያኔ ተዘጋጅተው ያለቁ የዊል ፋይሎች ብቻ ይወርዳሉ። ጥሬ ኮድ ከመጣ እዚያ ደርሳችሁ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደሚሠራ ፋይል የሚቀይር ፕሮግራም) ፍለጋ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሁሉም ያለችግር ተጫነ። ተሰናብቼ ጀልባው ጋ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። «እቴቴ፣ ኤክሴሉን አላነብም አለ እኮ!» የጎደለው ኦፕንፓይኤክስኤል ነበር። ፓንዳስ የኤክሴል ፋይል የሚከፍተው በእሱ ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው ስለማያስፈልግ እንደ አማራጭ ነው የተመዘገበው። ፒፕ ደግሞ አማራጭ የሆነውን ካልጠየቃችሁት አያወርድም። ስሙን ራሳችሁ ለፒፕ የምትሰጡት የፓኬጆች ዝርዝር ላይ መጻፍ አለባችሁ። ለአንዲት ትንሽ ፋይል ሌላ ቅዳሜ ሄደ፤ ወንድሜም የዚያን ሳምንት ውጤት በካልኩሌተር ሲደምር አመሸ።

ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር አልወጣም። ዋይፋዩን አጠፋለሁ። አዲስ ባዶ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ቀድሞ የተጫኑ ፓኬጆች የማይገቡበት የተለየ የፓይተን ቦታ) እከፍታለሁ። ፒፕ ኢንስቶልን ከሁለት ምርጫዎች ጋር አስኬዳለሁ፦ ኖ ኢንዴክስ ኢንተርኔት ላይ እንዳይፈልግ ይከለክለዋል፤ ፋይንድ ሊንክስ ደግሞ ፎልደሬን ያሳየዋል። መጫኑ ብቻ አይበቃኝም። የእውነተኛውን ክፍል የኤክሴል ፋይል አስገብቼ ደረጃው እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ፍላሹ ላይ ፎልደሩ፣ የፓኬጆቹ ዝርዝር፣ ፕሮግራሙና የፓይተኑ መጫኛ ይገባሉ። መጫኛው ሙሉው ይሁን፤ ዌብ የሚለው ሲጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል። የሁሉንም ኮፒ ሌላ ፍላሽ ላይ እይዛለሁ፤ ብዙ ሰው የሚነካካው ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣም። የመጫኛውን ትእዛዝ ደግሞ በወረቀት ጽፌ ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ቢደረግ እኔን ሳይጠብቅ ራሱ ይጭነዋል።