ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት አንድ ስንዝር ሽቦ

ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መንገድ ስሄድ አማኑኤልን አለፍ እንዳልኩ ሞተሬ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ቀጥ አለች። ዳሽቦርዱን አየሁ። ቢጫዋ የቤንዚን መብራት ጭል እንኳ አላለችም። ታንከሩን ከፍቼ ግራና ቀኝ ባወዛውዛት የሚንቦጫረቅ ነገር የለም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ ጠጥታ ጨረሰች?» አለኝ። አዎ፣ ጨርሳለች። እየገፋሁ ወደ ኋላ ተመልሼ በሀይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ገዛሁ። ዋጋውን አትጠይቀኝ።

በማግስቱ ያሳየሁት መካኒክ አንድ ብሎን ሳይፈታ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ከአዲስ አበባ ይምጣ» አለ። ለአሮጌ ሞተር ሴንሰር ፍለጋ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ቤት ወስጄ ራሴ ስፈታው ሴንሰሩ ደህና ነው፤ የዛገው የነጌቲቭ ሽቦው ጫፍ ነበር። በአንድ ስንዝር ሽቦና በቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ተጨረሰ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሽቦውና አምፖሉ ይቅደሙ፣ ሴንሰሩ መጨረሻ ይምጣ።

የሴንሰሩን አሠራር ካወቅክ ግማሹ ሥራ አለቀ። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ታንከር ውስጥ ቴርሚስተር የምትባል ትንሽ ነገር ከታች በኩል ትቀመጣለች። ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ታግዳለች፣ ስትሞቅ ታሳልፋለች። ቤንዚን ውስጥ ተነክራ እያለች ቤንዚኑ ያቀዘቅዛታል፣ መብራቱም አይበራም። ቤንዚኑ ወርዶ አየር ላይ ስትቀር ግን በውስጧ የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ራሷን ያሞቃታል፣ ስትሞቅ የበለጠ ታሳልፋለች፣ በመጨረሻ አምፖሉ ይበራል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ቁልፍ እንደከፈትክ ወዲያው አልበራም ብለህ አትፍረድ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ስጠው፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ በጠዋት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጨምርለት። በሌሎች ሞተሮች ላይ ያለው ተንሳፋፊ ነው፣ ከቤንዚኑ ጋር ወጥቶ ወርዶ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚነካ። የሽቦው ፍተሻ ለሁለቱም አንድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ኮርቻውን አንሳና ከታንከሩ ሥር የሚወጣውን ሁለት ሽቦ ተከተል፣ ሶኬት ታገኛለህ። ቁልፉ ተዘግቶ ሶኬቱን ንቀለው። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን በኩል (ወደ ታንከሩ የሚገባውን አይደለም) ሁለቱን ቀዳዳዎች በዚያች አጭር ሽቦ አገናኛቸውና ቁልፉን ክፈት። አምፖሉ መሃል ላይ ስላለ ምንም አይቃጠልም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ሞተርህ ካርቡራቶር ሳይሆን ኢንጀክሽን (ቤንዚን በፓምፕ ተገፍቶ የሚረጭበት) ከሆነ የፓምፑም ሽቦ እዚያው ሶኬት ላይ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ሽቦዎቹን በቀለማቸው ሳትለይ አታገናኝ። በመርፌ የሚያሳይ ጌጅ ካለህም ይህ ፍተሻ ያንተ አይደለም።

መብራቱ በራ? እንኳን ደስ አለህ፣ አምፖሉም ሽቦውም ደህና ናቸው። የቀረው ወይ ሴንሰሩ ነው ወይ የሶኬቱ ጥርስ። ጥርሶቹን አይተህ አረንጓዴ ዝገት ካለባቸው በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳና ሰክተህ እንደገና ሞክር። ላቫጆ ወስደህ በግፊት ውሃ የምታሳጥብ ከሆነ፣ ክረምት ሙሉ ጭቃ ስትገርፍ ከርመህ ደግሞ የማያሳጥብ የለም፣ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው እዚህ ነው።

አልበራም? እንግዲያው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ሽቦ ብቻ ያዝና ያንኑ ቁራጭ ሽቦ ቀለም ከሌለው ብረት ጋር፣ ለምሳሌ ከሞተሩ ብሎን ጋር አስነካው። የትኛው እንደሆነ ካላወቅክ ሁለቱንም በተራ ሞክር። አሁን ከበራ የተበላሸው ማሳው ነው። (መካኒኮች ነጌቲቩን ማሳ ይሉታል፣ ከጤፍ ማሳ ጋር አታምታታው።) ሽቦው ፍሬሙ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈትተህ ከሥሩ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገውና መልሰህ እሰረው። የኔ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

አሁንም ካልበራ አምፖሉን አውጥተህ እይ፣ ክሩ ከተበጠሰ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። አምፖሉ ደህና ከሆነ ፊውዙን ተመልከት። ከዚያ መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ያለውን የሽቦ እስር፤ መሪው በዞረ ቁጥር እየታጠፈ ሽፋኑ ሳይቀደድ ውስጡ ይበጠሳል። ቁልፉ ተከፍቶ ቁራጭ ሽቦው እንደተገናኘ አንድ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ እንዲያዞር አድርግ፣ ብልጭ ካለ አገኘኸው። ሞተርህን እህል ካለበት ጎተራ አጠገብ የምታሳድር ከሆነ ደግሞ አይጥን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር እንዳታወጣት።

ሁልጊዜ የሚበራ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሶኬቱን ንቀል። ከጠፋ ሴንሰሩ ነው። ካልጠፋ አንዱ ሽቦ ተልጦ ፍሬም እየነካ ነው፣ ታንከሩ የሚያርፍበትና ኮርቻው የሚጫነው ቦታ ላይ ፈልግና በናስትሮ ጠቅልለው። ቁልፍ ሲከፈት ለጥቂት ሰኮንድ በርቶ የሚጠፋ ግን ብልሽት አይደለም፣ አንዳንድ ሞተር አምፖሉን የሚፈትሸው እንደዚያ ነው።

ኤልኢዲ የሚወዱ ሰዎች ይህችን ያዳምጡ። እኔም አንድ ጊዜ የዳሽቦርዱን አምፖሎች በሙሉ በኤልኢዲ ቀይሬ ነበር። ታንከሩ ሞልቶ መብራቷ ፈዘዝ ብላ ትበራለች፣ ደነገጥኩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛ ቴርሚስተር የሚያሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ የድሮውን አምፖል አያበራውም፣ ኤልኢዲን ግን ይበቃዋል። ሌሎቹን ቀይር፣ የቤንዚኗን አምፖል ግን ተዋት፤ ስትገዛም በዋት ከድሮዋ ጋር እኩል የሆነችውን ግዛ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሴንሰሩ ብቻ ከቀረ ታንከሩ መውረድ አለበት። ደጅ ላይ ሥራ። ሲጋራ የለም፣ የቡና ከሰልም በአካባቢው አይኑር፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ቀድመህ ፍታ። ቤንዚኑን ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ገልብጥና ሴንሰሩን ከታች ፍታው። ተንሳፋፊ ከሆነ ጆሮህ ላይ አወዛውዘው። ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማህ ተቀዷል፣ መስጠሙም ለዚያ ነው። ከየጀሪካኑ የሚቀዳ ቤንዚን ቆሻሻ ስላለው ዘንጉም ይጣበቃል፣ አንዳንዴ ማጽዳት ብቻ ይበቃል። ቴርሚስተር ከሆነ አድርቀህ ፌስታል ውስጥ አስረው፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አያይዝና ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው። ኦሙ (ኤሌክትሪክ የሚያግድበት መጠን) እየወረደ ከሄደ ሴንሰሩ በሕይወት አለ። ፍንክች ካላለ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ደውል። ስትመልሰው ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ከተሰነጠቀ ቀይረው፣ ተራ ሲሊኮን አትቀባ፣ ቤንዚን ያሳብጠዋል።

ደጀን ላይ ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል አትፍታው። ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑ ወደ ፊት ይሄድና ሴንሰሩ ይራቆታል። ሜዳ ላይ ከጠፋ ደህና ነው።

ሁሉን መልሰህ ከገጠምክ በኋላ፣ ታንከሩ ባዶ እያለ ሌላም ነገር ሥራ። ሞተሯን አቁመህ፣ መብራቱ በርቶ እያለ፣ በግማሽ ሊትር እየለካህ ቤንዚን ጨምር፤ በየመሃሉ ደቂቃ ቆይ። መብራቱ የጠፋበት ልክ ሲበራ የሚተርፍህ ነው። የኔ 2 ሊትር ሆነ። በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ስለዚህ በወረቀቱ 70 ነው፣ እኔ ግን ከጫንኩ ዳገቱን አስቤ 50 ላይ እቆማለሁ። ቁጥሩን ጽፌ ከክዳኑ አጠገብ በናስትሮ ለጥፌዋለሁ።