አምስት ብርቱካን በአንድ ትንፋሽ፦ ጭማቂ ላይ የማያቸው ስህተቶች

አዲስ መጭመቂያ የገዛ ሰው ያስታውቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ ሳይጨመቅ የሚተርፍ ነገር የለም። ካሮቱም፣ ፖሙም፣ ዝንጅብሉም ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ወይ ማሽኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተከቷል፣ ወይ ባለቤቱ «ስኳሬ ጨመረ፣ ምን ነካኝ?» እያለ ይደውልልኛል። እኔ ለዓመታት ጭማቂ ስሠራና ሰው ሳለማምድ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም እጠጣለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ የምቆጣው በጭማቂ አይደለም፣ በአጠጣጡ ነው።

«የተፈጥሮ ስኳር ነው፣ ምንም አያደርግም»

ይህቺን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ስኳሩ ከዛፍ ይምጣ ከፋብሪካ፣ አንጀታችን መታወቂያ አይጠይቅም። ልዩነቱ ያለው ስኳሩ ይዞት በሚመጣው ነገር ላይ ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 12 ግራም ገደማ ስኳርና 3 ግራም ገደማ አሰር (ፋይበር) አለው። አሰሩ ልጓም ነው፤ ስኳሩ ደም ውስጥ እየተንደረደረ እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ሆድንም ያጠግባል። አሁን ብርቱካኑን ጨምቁት። 240 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ብርጭቆ ውስጥ 21 ግራም ገደማ ስኳር ታገኛላችሁ፤ አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አሰሩስ? ግማሽ ግራም ቢሆን ነው። ልጓሙ ወንፊቱ ላይ ቀርቷል።

አንድ ስፖርተኛ ወጣት በየጠዋቱ የአምስት ብርቱካን ጭማቂ ይጠጣ ነበር። «እስቲ ዛሬ ብላቸው» አልኩትና አምስቱንም ልጬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ሁለቱን በላ። ሦስተኛውን ግማሽ ላይ ሲደርስ ሳህኑን ገፋ አደረገና «በቃኝ» አለ። በማግስቱ ያንኑ አምስት ብርቱካን ጨምቄ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ተጎንጭቶ ጨረሰውና አፉን እየጠረገ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቁርስ ምን አለ?»

የዓለም ጤና ድርጅት በጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ከማርና ከሽሮፕ ስኳር ጋር አንድ ላይ ይመድበዋል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ50 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ከ25 ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ብቻውን ወደ 25ቱ ይጠጋል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ደግሞ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር አትለፉ ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አትክልቱን አብዙት፣ ፍሬው ለጣዕም ያህል ይግባ። እኔ ለአንድ ብርጭቆ ኪያር፣ ሴለሪ፣ ትንሽ ሎሚና ግማሽ ፖም ይበቃኛል። ወይም ብሌንደር ተጠቀሙ፤ እሱ ቢያንስ አሰሩን አይጥልም። ግን ብሌንደርም ቢሆን አምስት ብርቱካን አምስት ብርቱካን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይኸው ፈጣን ስኳር ሰው የሚያድንበት ጊዜም አለ። የስኳር ታማሚ ስኳሩ በድንገት ሲወርድበት፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካል።

ምግብን በጭማቂ መተካት

«ሰውነቴን ላጥብ» ብዬ አምስት ቀን በጭማቂ ብቻ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ማንንም መሳቂያ ማድረግ አልችልም። በአራተኛው ቀን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጭልም አለብኝና የደረጃውን መደገፊያ ጨብጬ ቆምኩ። የቀነሰልኝ ኪሎም አብዛኛው ውሃ ኖሮ በሳምንቱ ተመለሰ። ጭማቂ ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል፤ ስቡም ከቁጥር አይገባም። እጥበቱን ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ማንም ሳያዛቸው ሌት ተቀን ይሠሩታል።

መድኃኒት እየወሰዱ ሐኪም አለመጠየቅ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ግሬፕፍሩት አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳል። ያኔ ከታሰበው በላይ መድኃኒት ደም ውስጥ ይገባል። ለኮሌስትሮል የሚታዘዘው ሲምቫስታቲንና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፌሎዲፒን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። «ጠዋት ጭማቂውን፣ ማታ ኪኒኑን» ብሎ ማምለጥም አይቻልም፤ የግሬፕፍሩቱ ሥራ ከ24 ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ዋርፋሪን ነው፣ የደም ማቅጠኛው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በየቀኑ የጎመንና የስፒናች ጭማቂ ጀመሩ። ለክትትል ሲሄዱ መድኃኒቱ እንደ ድሮው አልሠራም። ሐኪሙ «እማማ፣ አዲስ የጀመሩት ነገር አለ?» ቢላቸው «ኧረ ምንም!» አሉት። እኔም «እትዬ፣ ጭማቂውን ነገሩት?» ብላቸው «ምን ብዬ ልጄ፣ ቅጠል እኮ ነው!» አሉኝ። ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ ዋርፋሪን የሚሠራውን ያፈርሳል። ቅጠል እርም አይደለም። ግን ትናንት ምንም፣ ዛሬ አንድ ጆግ ሲሆን የመድኃኒቱ ልክ ይዛባል።

የኩላሊት ሕመም ያለበትም ሰው ሳይጠይቅ ማሽኑን አያስነሳ፤ ጭማቂው ውስጥ ያለው ፖታሺየም የሚባል ማዕድን ይከማችበታል። ስፒናችና ቀይ ሥርን በየቀኑ እያጣመሩ መጠጣትም ጠጠር ለለመደው ኩላሊት ጥሩ አይደለም፣ ጠጠር የሚሠራው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ብዙ አላቸው።

ሳያጥቡ መጭመቅ፣ ጨምቆ ማሳደር

ልጣጩ ላይ ያለው ጀርም በቢላው አብሮ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሙቀት ያልነካው የፖም ጭማቂ ኢ.ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ይዞ ከ60 በላይ ሰው አሳመመ፣ አንዲት ሕፃንም ገደለ። የምትልጡትንም ቢሆን በሚወርድ ውሃ እጠቡ፤ ሳሙና አያስፈልግም። ጨምቃችሁ ወዲያው ጠጡ። ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከድናችሁ በማግስቱ ጨርሱት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ፓስቸራይዝድ ያልሆነ፣ ማለትም ጀርሙ በሙቀት ያልተገደለ፣ የተገዛ ጭማቂ ይቅርባችሁ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ጭማቂ ጭራሽ አይሰጥም።

የመረረ ዝኩኒ «መድኃኒት ነው» ብሎ መጠጣት

ዝኩኒ፣ ኪያር ወይም ቅል ያለ ባሕርይው ከመረረ ትፉት፣ የቀረውንም ድፉት። ምሬቱ ኩከርቢታሲን ከሚባል መርዝ ይመጣል፤ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሰው የሞተበትም ጊዜ አለ። «መራራ ነገር ደም ያጠራል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ብርጭቆውን ከእጁ እቀማለሁ።

ትናንሾቹ

ጎምዛዛ ጭማቂ እንደጠጣችሁ ጥርሳችሁን አትቦርሹ። በውሃ ተጉመጥመጡና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የካሮት ጭማቂ ላይ ጠብታ ዘይት ወይም ጥቂት ለውዝ ይኑር፤ ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ካሮቲን ያለ ስብ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። መዳፋችሁ ቢጫ ከሆነ ካሮቱን አብዝታችኋል፤ ሲቀንሱት ይለቃል። ቀይ ሥር በጠጣችሁ ማግስት ሽንታችሁ ቢቀላ ቀይ ሥሩ ይሆናል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፒጃማ ክሊኒክ ሄጃለሁ።

ማሽኑን ደግሞ እንደጨረሳችሁ፣ ጭማቂውን ከመጠጣታችሁ በፊት እጠቡት። የካሮት ቅሪት ወንፊቱ ላይ ከደረቀ በጥርስ ብሩሽ ግማሽ ሰዓት ያስፈትጋል። ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከተተውም ያን ቀን ነው።