ኮሚክዎ ይተኮስ ወይስ ይቅር? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

በአማርኛ ጠመንጃም ይተኮሳል፣ ሸሚዝም ይተኮሳል። እዚህ የምናወራው እንደ ሸሚዙ ስላለው ነው። በአሜሪካ የቆዩ ኮሚክ መጻሕፍትን፣ ማለትም ታሪክ በሥዕል የሚተርኩ ስስ መጽሔቶችን፣ የሚሰበስቡ ሰዎች መጽሐፉን ለደረጃ ሰጪ ድርጅት ከመላካቸው በፊት በተመጠነ ሙቀት፣ በጥቂት እርጥበትና በክብደት ያቃኑታል። እነሱ ፕሬስ ይሉታል፤ ለእኔ ማስተኮስ ማለቱ ይቀለኛል። በምኖርበት በሜሪላንድ በዚህ ነገር ስሜ ስለወጣ፣ ልጆቻቸው ኮሌጅ ሲገቡ ምድር ቤት ትተውት የሄዱትን ካርቶን ተሸክመው የሚመጡ ወላጆች አሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይተኮስ ወይስ እንዳለ ይላክ?»

ከዳኞቹ እንጀምር። ሲጂሲ የሚባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ሲሆን መቀመጫው ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ ነው። መጽሐፉን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ካሉት 25 እርከኖች በአንዱ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ይመልሰዋል። ሰማያዊ መለያ ማለት መደበኛ ነው፤ ሐምራዊ ማለት ደግሞ ቀለም የተቀባ፣ ሙጫ የነካው ወይም ጠርዙ የተከረከመ ማለት ነው፤ ሐምራዊ ሲሆን ዋጋው ክፉኛ ይወድቃል። ማስተኮስ ግን በመጽሐፉ ላይ ምንም ስለማይጨምር እንደ ጥገና አይቆጠርም፤ መለያው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። እንዲያውም ሲሲኤስ የሚባለው ተኳሽ ድርጅት የዚያው የሲጂሲ ቤተሰብ ነው። ፈዋሹና ፈራጁ ከአንድ ቤት መውጣታቸው የሚከነክናቸው ሰብሳቢዎች አሉ፤ እኔም አንዳንዴ ይከነክነኛል።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባትዎ በፊት አንድ የእጅ ባትሪና አንድ አጉሊ መነጽር ያዘጋጁ። ክፍሉን ያጨልሙ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙ፣ ብርሃኑን ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርገው ያብሩ። ከላይ በሚመጣ ብርሃን ንጹሕ የመሰለዎት ሽፋን በጎን ብርሃን ሲታይ የጎጃም ተራራና ሸለቆ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ በጎን ብርሃን ብቻ የሚታይ ስርጉድ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጣት ነው። መጽሐፉን በአንድ እጅ ሲይዙት አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ይሠራል። መጽሐፉ ላይ ወረቀት አስደግፎ መጻፍ፣ ከባድ ነገር መደረብ፣ ከማስቀመጫ ላስቲኩ ሲያወጡ ጥግ መቀልበስም እንዲሁ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ የወረቀቱ ቀጫጭን ክሮች ተጨመቁ እንጂ አልተበጠሱም።

መፍትሄው ማስተኮስ ነው፤ ሙያው የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ባለሙያው ወረቀቱን በጥቂት እርጥበት ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ሲሊኮን በተቀባ ወረቀትና በንጹሕ ካርቶን መካከል አድርጎ ይጫነዋል። ብዙዎቹ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይሠራሉ፤ ከሙቀቱ ይልቅ ግን ትዕግሥቱ ነው የሚያቃናው። መጽሐፉ ከነክብደቱ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ሌላ እንከን የሌለበት መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ስርጉዶች ብቻ ካሉበት ከ9.2 ወደ 9.6 ወይም ወደ 9.8 ሊወጣ ይችላል።

ምልክት፦ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ይታያል

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም እንበል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ነጩ መስመር ቀለም የረገፈበት ቦታ ነው፤ ከስር ያለው ባዶ ወረቀት ብቅ ብሏል። በጥቁርና በጠቆረ ሽፋን ላይ ከሩቅ ይጮኻል፣ በቢጫና በነጭ ላይ ግን ተደብቆ ያታልላል። በተለይ ስቴፕል በተመታበት ጠርዝ፣ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር የሚሰነጠቁ ትናንሽ አግድም መስመሮች አሉ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማየት ያለበት እነሱን ነው።

ማስተኮስ እጥፋቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ነጩ መስመር ግን ባለበት ይቀራል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደረጃ ሰጪው ከእጥፋት ይልቅ የቀለም መሰበርን አጥብቆ ስለሚቆጥር ትርፉ ትንሽ ነው። አንድ ሰው «በጥቁር እስክሪብቶ ትንሽ ብነካው ማን ያያል?» ቢልዎት አይስሙት። ሐምራዊ መለያ የሚያመጣው እንዲህ ያለው ንክኪ ነው፤ በሥራቸው ቀለም ለይተው ማየት የለመዱ ሰዎች ናቸው የሚመረምሩት።

መስመሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑና ቀሪው ጉዳት ስርጉድ ከሆነ ግን ማስተኮሱ ሊያዋጣ ይችላል፤ የመጨረሻውን ጣሪያ የሚወስኑት እነዚያ መስመሮች መሆናቸውን አውቀው ይላኩት።

ምልክት፦ መጽሐፉ ሞገድ ሠርቷል

ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ሲደርቅ እኩል አይደርቅም። የዋሽንግተን አካባቢ ክረምት ከወበቁ ጋር በምድር ቤት ያለን ካርቶን እንዴት እንደሚያደርገው የኖረበት ያውቀዋል። ሞገዱ ብቻ ከሆነ ማስተኮስ በደንብ ያቃናዋል። ውሃ ነክቶት ጠርዙ ቡናማ የሆነ ካርታ የሚመስል ምልክት ካለ ግን ሞገዱ ይሄዳል፣ ካርታው ይቀራል። ሽታ ካለውና ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ካዩበት ሻጋታ ነው፤ ወዲያው ከሌሎቹ ይለዩት። ሻጋታ ያለበትን መጽሐፍ ወደ ተኳሽ መላክ ጉንፋን ይዞ ለቅሶ ቤት እንደመግባት ነው።

ምልክት፦ ጀርባው ተጠምዝዟል

ጀርባ የምለው ስቴፕል የተመታበትን ጠርዝ ነው። መጽሐፉን ከፊት ሲያዩት የኋላ ሽፋኑ በዚሁ ጠርዝ በኩል ብቅ ብሎ ከታየ፣ አንባቢው እያንዳንዱን ገጽ ወደ ኋላ አጥፎ ያነበበው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጻሕፍት ላይ የተለመደ ነው፤ ልጆች አንብበውታል፣ ለዚያ ነበር የታተመው። ማስተኮስ ይረዳዋል፣ ነገር ግን ጀርባውን ወደ ቦታው መመለስ የእጅ ጥበብ ይጠይቃል፤ ችሎታ የሌለው ሰው ከመጠን በላይ ጎትቶ ወደ ሌላው ጎን ያጣምመዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለሚልኩለት ሰው «ከዚህ በፊት ያቃኑትን ጀርባ አሳዩኝ» ብለው ፎቶ ይጠይቁ።

ምልክት፦ ቆሻሻ፣ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ዝገት፣ መወየብ

የእጅ ወዝና አቧራ ካለበት ባለሙያው ከመተኮሱ በፊት በለስላሳ ላጲስና በስፖንጅ በደረቁ ያጸዳዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ቆሻሻው ላይ ሙቀት ከተጫነ ወደ ወረቀቱ ዘልቆ ይገባል። ሱቁ መጽሐፉ የገባበትን ቀን በእርሳስ ከጻፈበት አይንኩት። ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደረጃ አይቀንስም፤ የሚወዱት ሰብሳቢዎችም አሉ። የዛገ ስቴፕል በሙቀት አይድንም። የወየበ ወረቀትም አይነጣም፤ ጋዜጣ መሰሉ ርካሽ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ነው የሚወይበው። ሲነካ የሚፈረፈር ወረቀት ካለው በጭራሽ አያስተኩሱት።

ምልክት፦ ሽፋኑ ጥሩ ነው፣ ውስጡ ግን…

ማንም ከማስተኮሱ በፊት ገጾቹን ይቁጠር። የ1974ቱ «ኢንክሬዲብል ሃልክ» ቁጥር 181፣ ዎልቨሪን የሚባለው ጀግና መጀመሪያ ሙሉ ሆኖ የታየበት መጽሐፍ፣ ለዚህ የተለመደው ምሳሌ ነው። አሳታሚው ማርቭል በዚያን ጊዜ በመጽሐፎቹ ውስጥ ትንሽ ቴምብር ያትም ነበር፤ ልጆቹም በመቀስ እየቆረጡ በአልበም ላይ እንዲለጥፉት ነበር የታሰበው። በርካቶች ቆረጡት። ቴምብሩ የሌለበት መጽሐፍ ሽፋኑ እንደ መስታወት ቢያንጸባርቅ እንኳ ወይ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ወይ ጉድለቱን የሚናገር አረንጓዴ መለያ ይሰጠዋል። አንዲት እናት ያመጡልኝ ቅጂ እንዲህ ያለ ነበር። ለማስተኮስ ተዘጋጅተው ነበር፤ ገጾቹን አብረን ስንገልጥ በአንዱ ገጽ ላይ በጥንቃቄ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አገኘን። «ባለቤቴ በስምንት ዓመቱ የሠራው ነው» አሉና ሳቁ።

ምልክት፦ የሚያብረቀርቅ ፎይል፣ ጠፍጣፋ ጀርባ፣ ፊርማ

በ1990ዎቹ ፎይልና ቅርጹ ወደ ላይ ያበጠ ሽፋን ፋሽን ነበር። ሙቀት ፎይሉን ሊያሳብጠውና ወደ ላይ ያበጠውን ቅርጽ ሊደፈጥጠው ስለሚችል፣ በዚህ የተካነ ሰው ካልሆነ ይተዉት። ጀርባው በስቴፕል ፈንታ በሙጫ ተጣብቆ ጠፍጣፋ የሆነም እንዲሁ ነው። ደራሲ ወይም ሠዓሊ ሊያስፈርሙበት ካሰቡ መጀመሪያ ያስተኩሱ፣ ከዚያ ያስፈርሙ፤ በተገላቢጦሽ ከሄዱ እርጥበቱ ቀለሙን ሊያስኬደው ይችላል።

ምልክት፦ ከተተኮሰ በኋላ አዲስ ችግር መጣ

መጀመሪያ ላይ እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ የልብስ ካውያ አንስቼ ነበር። ጨርቅ ደርቤ ለአምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው ያሳረፍኩት፤ የካውያው አፍንጫ ቅርጽ እስከ ዛሬ ሽፋኑ ላይ አለ። ካውያ ሙቀቱ ይዋዥቃል፣ ክብደቱም እኩል አያርፍም። ያን መጽሐፍ አልሸጥኩትም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አሳየዋለሁ።

ከተኳሽ ከተመለሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞገዱ ከተመለሰ፣ መጽሐፉ በደንብ ሳይቀዘቅዝና ሳይደርቅ ወጥቷል፣ አለዚያም እርስዎ እርጥብ ቦታ አስቀምጠውታል። ይህ በዝግታ ዳግም በመተኮስ ይስተካከላል። ከስቴፕሉ አጠገብ አዲስ ስርጉድ ከታየ ሽቦው ሲጫን ወረቀቱ ላይ ታትሟል፤ ጥሩ ባለሙያ በስቴፕሉ ዙሪያ ማስደገፊያ ያደርጋል። የውስጥ ገጾቹ ከሽፋኑ ጠርዝ አልፈው መውጣታቸው ግን የከፋው ነው። ከልክ ባለፈ እርጥበትና ሙቀት ሽፋኑ ይኮማተራል፤ በተለይ የ1960ዎቹ የማርቭል መጻሕፍት ላይ ይታያል። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ የሚቀረው ተኳሹን መቀየር ብቻ ነው።

ምልክት፦ ደረጃው ከጠበቁት በታች መጣ

ሁለት ምክንያት ይኖራል። አንዱ መጀመሪያውኑ የቀለም መሰበሩን አለማየትዎ ነው። ሌላው ሳይተኮስ ተልኮ በስርጉድ ምክንያት ነጥብ መጣሉ ነው። ለሁለተኛው ከፕላስቲኩ አውጥቶ፣ አስተኩሶ እንደገና መላክ ይቻላል። ነገር ግን ፕላስቲኩ ሲሰበር መጽሐፉ ሊጎዳ ይችላል፤ አዲሱ ዳኛም ከፊተኛው ሊጨክን ይችላል። ስለዚህ ከመስበርዎ በፊት ስርጉዱን በፕላስቲኩ ውስጥ በጎን ብርሃን ፈልገው ያግኙት። ካላገኙት ይተዉት።

ምልክት፦ መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ ኪሱ ግን አልሞላም

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቁጥሮቹን የወሰድኳቸው ለስሌት ብቻ ነው። መጽሐፍዎ እንዳለ በ45 ዶላር ይሸጣል እንበል። 9.4 ቢሆን 60፣ 9.6 ቢሆን 80፣ 9.8 ቢሆን 150 ዶላር ያወጣል። ማስተኮሻ 20፣ ደረጃ ማሰጫ 40፣ መላኪያና መመለሻ 30 ዶላር ቢያወጡ ድምሩ 90 ነው። 9.8 ቢመጣ የሚተርፍዎት 60 ዶላር ነው፤ እንዳለ ከመሸጥ በ15 ዶላር ብቻ ይበልጣል። 9.6 ላይ ከቆመ 10 ዶላር ከኪስዎ ወጣ። በዚህ ሒሳብ ማስተኮስ የሚያዋጣው 9.8 እንደሚመጣ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

የ1991ዱ «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ነው። ሁሉም ሰው አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ አምስት ቅጂ ቢያገኙ ብዙ አይደሰቱ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ስፓይደር-ማን መጀመሪያ የታየበት የ1962ቱ «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 አለ፤ በ2021 አንድ 9.6 ቅጂ በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እዚያ ግማሽ እርከን እንኳ በሺህ ዶላሮች ይቆጠራል፤ ስለዚህ የተጎሳቆለ 2.0 ቅጂም ቢሆን ለባለሙያ ማሳየት ይገባዋል። ብላክ ፓንተር መጀመሪያ ብቅ ያለበት የ1966ቱ «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52ም በመካከለኛ ደረጃ ሳይቀር ማስተኮስ ከሚያዋጣቸው ውስጥ ነው። ዋጋ ሲያጠኑ በኢቤይ የተሸጡበትን ዋጋ እንጂ ሻጩ የጠየቀውን አይመልከቱ።

ወስነው ከላኩት ማሸጊያውን አይቆጥቡ። መጽሐፉ በላስቲክና በካርቶን ከገባ በኋላ ከእሱ ሰፋ ባሉ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል ይሁን፤ ካርቶኖቹ እርስ በርስ ይጣበቁ እንጂ ፕላስተሩ ላስቲኩን አይንካ። ከዚያ በሳጥን ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ያስደግፉት፣ ኢንሹራንስም ይግዙለት። ሳጥኑ ላይ «አይታጠፍ» ብሎ መጻፍ የጫኝና አውራጁን እጅ አያስቆምም፤ ሁለቱ ካርቶኖች ናቸው የሚያስቆሙት።